አሮጌው ጠባሳ

(ደብረ ማርቆስ፤ ልብስ ሰፊው አየነው ቀኝ እጁ ሰልሎ አልጋ ላይ ተቀምጧል፤ ሚስቱ ጥሩወርቅ አጠገቡ ቆማለች፤ በመካከላቸው ሁለት የአንጎሉ የኤምአርአይ ፊልም ተዘርግቷል።)

አየነው፦ ስልኩን አምጪ አልኩሽ!

ጥሩወርቅ፦ አላመጣም። እንዲህ ተቆጥተህ ለነፍሰ ጡር ልጅ አይደወልም።

አየነው፦ ትስማ! እናቷ አባቷን ምን እንዳደረገችው ሰብለ ትወቅ።

ጥሩወርቅ፦ ምን አደረግኩህ? እያጠብኩህ፣ እያጎረስኩህ…

አየነው፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ዛሬ ሐኪሙ ምን አለኝ መሰለሽ? «ይሄ ነጩ፣ ያበጠው፣ የአሁኑ ነው። ይቺ ጥቁር ቀዳዳ ግን ወራት ያለፋት ጠባሳ ናት።» እኔ ሞኙ «ከዚህ በፊት በስትሮክ ተመትቼ አላውቅም» ብዬ ተከራከርኩት።

ጥሩወርቅ፦ ሐኪምም ይሳሳታል።

አየነው፦ ሣጥንሽም ይሳሳታል? ከነጠላሽ ሥር ያገኘሁት የታኅሣሡ ፊልም ይኸው። እዚያችው ቦታ ላይ፣ ያኔ ነጭ ሆና ታበራለች። ትኩስ ሲሆን ነጭ ነው፣ ሲከርም እየጠበበ ይጠቁራል ብሎኛል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ጥሩወርቅ።

ጥሩወርቅ፦ ሣጥኔን ከፈትክ?

አየነው፦ አፌ የተጣመመ ዕለት «ምች ነው» ብለሽ ዳማከሴ አስሸተትሽኝ። «ፊልሙ ንጹህ ነው» አልሽኝ።

ጥሩወርቅ፦ በማግስቱ አፍህ ተመለሰ እኮ! ሰርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ጠላው ተጠንስሷል። ከፊልሙ ጋር የሰጡኝን የውጤት ወረቀት ለሐኪም ባሳየው፣ ቢያስተኙህስ? ሙሽራ ያለ አባቷ ምርቃት ትውጣ?

አየነው፦ ከሰርጉ በኋላስ?

ጥሩወርቅ፦ እስክስታ ስትወርድ አየሁህ። አለፈለት አልኩ። ኋላ ደግሞ ልነግርህ ፈራሁ።

አየነው፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። እኔ መች ደበቅኩ? እኔው ታማሚው ተደበቀብኝ! ያኔ መድኃኒት ጀምሬ ቢሆን ምናልባት ይሄኛው አይመጣም ነበር አለኝ። የሰብለን ካባ በዚህ እጄ ነው የሰፋሁት፤ ዛሬ ቁልፌን አንቺ ትቆልፊልኛለሽ። ሠላሳ ዓመት ካንቺ ሌላ ማንን አምኜ አውቃለሁ?

ጥሩወርቅ፦ በድዬሃለሁ። ስደበኝ፣ ከፈለግህ ሽማግሌ ሰብስብብኝ። ልጅቷን ግን ተዋት።

አየነው፦ እሷን ምን አልኳት? እሷማ ስትሰማ ታብዳለች!

ጥሩወርቅ፦ ተዋት አልኩህ፣ የሰብለ አባት። በእመቤቴ ይዤሃለሁ።

አየነው፦ ፈራሽ! እንደምትፈርድብሽ ታውቂያለሽ። ጨርቅ እየቀደድኩ ዩኒቨርሲቲ ያስተማርኳት ልጅ ናት። ያን ወረቀት ያኔ ብታየው «ሰርጌ ገደል ይግባ» ብላ ጎትታ ሐኪም ቤት ትወስደኝ ነበር። በዚህ ቤት የቀረችኝ አንዲት እውነተኛ ሰው እሷ ናት!

ጥሩወርቅ፦ እንዲህ ነው የምታስበው?

አየነው፦ እምላለሁ! ስልኩን!

ጥሩወርቅ፦ እንካ። ደውልላት። ስታነሳው ግን አንድ ነገር ጠይቅልኝ፤ እኔ አማርኛውን እንኳ በጭንቅ ነው የምቆጥረው፣ ያን የእንግሊዝኛ ወረቀት ለእናቷ ማን እንዳነበበላት።