ለማሪሴል ሽማግሌ የሄድን ጊዜ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሰው ከአለቃው ጋር ከተጣላ ሽማግሌ ይላካል። እናንተ ኢሜይል ነው የምትልኩት፤ እኛ ኮታችንን ለብሰን እንሄድና ጎንበስ ቀና ብለን እንለምናለን። ታዲያ እኔ ይሄንኑ ይዤ ነው ካልጋሪ የገባሁት፣ ጉዱም የመጣው ከዚህ ነው።

ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባል የፋብሪካ ሰፈር፣ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ የቀዘቀዘ ምግብ አሽግ ነበር። ከጎኔ ማሪሴል የምትባል የፊሊፒንስ ልጅ ነበረች። ኩያ ነበር የምትለኝ፣ በነሱ ቋንቋ ታላቅ ወንድሜ ማለት ነው። እጇ ፈጣን፣ እኔ አንድ ካርቶን ሳሽግ እሷ ሦስት፤ እና ሲደክመኝ አይታ ዝም ብላ የኔንም ታሽግልኛለች። አንድ ቀን በብሬክ ሰዓት ስታለቅስ አገኘኋት። "ምን ሆነሽ?" ብላት፣ ለካ መጀመሪያ ያመጣት ሬስቶራንት ተዘግቶ የሥራ ፈቃዷ ካለፈ ቆይቷል፤ እኛ ጋ ያስገባት ኤጀንሲ ወረቀት አልጠየቃትም። አገሯ እንዳትመለስ ደግሞ ልጇ የምትማረው እሷ በምትልክላት ነው። "ኩያ፣ ፕሊስ፣ ለማንም!" አለችኝ። "ሞቼ ነው ቆሜ!" አልኳት።

ታዲያ ያን ዊንተር በረዶው ጉድ አፈላ፣ ባስ ቀረ፣ ማሪሴል ሁለት ቀን አረፈደች። ሱፐርቫይዘሩ ቱግ አለና ሺፍቷን ቆረጠባት። እኔ አንጀቴ አልችል አለ። ለግርማ ነገርኩት፤ እሱም እዚያው ነው የሚሠራው፣ ቤተ ክርስቲያን ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቀ ሰው ነው። "ሽማግሌ እንሁንላታ!" አለ። እሷን እንኳ አላማከርናትም፣ እናንተዬ! አንዴ አላማከርናትም!

ሱፐርቫይዘሩ ቢሮ ገባን። "ቁጭ በሉ" ሲለን "ነገራችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አለ ግርማ። ሰውየው ደነገጠ፣ "ጋይስ፣ ሰው ሞተ እንዴ?" ይላል። ግርማ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሊይዝ ሲል "ኖ ኖ ኖ፣ ስታንድ አፕ!" እያለ ከነወንበሩ ወደ ኋላ ሸሸ። ሳቁ እንጂ ልጆቼ፣ ሳቁ፤ እኔም ያኔ ሳቄ መጥቶ ነበር።

እና ተራው የኔ ሆነ። የእኛን ምልጃ ታውቁት የለ፣ ይቅርታ የሚለመነው የሚማለድለት ሰው መከራ ተዘርዝሮ ነው። "ምስኪን ናት፣ ወገን የላትም፣ የምታሳድጋት ልጅ አለች" አልኩ። ሰውየው ኮምፒውተሩን ያያል። እኔ ደግሞ ገና አልራራም ብዬ ጨመርኩበት፦ "ወረቀት እንኳ የላት፣ ፔርሚቷ ካለፈ ስንት ጊዜው፣ ከዚህ ብትወጣ የት ትገባለች?" ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው! ሰውየው ተነስቶ በሩን ዘጋ። "ኖ ፔርሚት? ሲንስ ዌን?" አለ፣ ከመቼ ጀምሮ ማለቱ ነው። ግርማ ጎኔን ጎሸመኝ፣ ግን አልቋል።

በማግስቱ ማሪሴል የለችም። ማታውኑ ፔርሚትሽን አምጪ ብለው ደውለውላት ኖሮ፣ ይዘው ከአገር ያባርሩኛል ብላ የምትኖርበትንም ቤዝመንት ለቃ ጠፋች። ከሳምንት በኋላ ደወለችልኝ። "ኩያ፣ ማን ነው የነገራቸው?" "እኔ ምን አውቄ" አልኳት። አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኳት! እሷም "ካንተ ሌላ የሚያውቀው አብራኝ የምትኖረው ጆይ ብቻ ናት። እንደ እህቴ ነበር የማያት፤ ከእንግዲህ ዓይኗን አላይም" አለች። ጆይ እኮ ምንም አላደረገችም!

ይሄው ስድስት ዓመት ሆነው። ማሪሴል አሁን ኤድመንተን አንዲት አሮጊት ታስታምማለች፣ ከቤት ብዙም አትወጣም፣ ለገና "ኩያ፣ ደህና ነህ?" ብላ ትጽፍልኛለች። ጆይን ደግሞ አንድ ቀን ኢንተርናሽናል አቬኑ ላይ አገኘኋትና "ማሪሴል ለምን እንደጠላችኝ ታውቃለህ?" ብትለኝ፣ ባስ መጣብኝ ብዬ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ! ሰው አስታርቃለሁ እያልኩ ሁለት እህትማማቾች አጣልቼ ቀረሁ፣ ልጆቼ፣ ያሳፍራል።

ይሄን ጊዜ ከአድማጮቹ አንዷ፣ ሜሮን፣ "ጋሼ፣ ቁጥሯ አለዎት አይደል?" አለቻቸው።

"አለኝ።"

"ታዲያ ኮል ያድርጉላታ! የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ ጆይ አይደለችም ይበሏት። በቃ፣ ዛትስ ኢት።"

"ዛትስ ኢት ትላለች እንዴ ይቺ ልጅ!" ብለው ሳቁ። ከዚያ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ ትንሽም አገላበጡት። "እንኪ በይ፣ አንቺው ደውይልኝ፤ እኔ እጄ እምቢ አለኝ።"