ወይዘሮ የሺዓለም የወርቅ ጥርስ ሊያሠሩ የወጡ ዕለት

ወይዘሮ የሺዓለም ፒያሳ ከአንድ ወርቅ ቤት ሲወጡ፣ በእሳቸው ግቢ ካደገችው የጥርስ ሐኪም ከቤተል ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ወዲያው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«እትዬ የሺ፣ ምነው ፊትዎ እንዲህ ጠቆረ?»

«ወርቅ ሠሪው መለሰኝ፣ ልጄ። ቀለበቴን አቅልጠህ የቀረችኝን የፊት ጥርስ አልብስልኝ ስለው፣ ‹እኛ ጣትና አንገት እንጂ አፍ አንሠራም› አለኝ። እናቴ እዚሁ ፒያሳ አይደለም ያሠራችው?»

ቤተል ለምና አፋቸውን አየችው። ሦስት የፊት ጥርሶች የሉም። የቀረችው ትነቃነቃለች፤ ሌሎቹም ወደ ክፍተቱ ተጋድመዋል። ድዱ አብጧል።

«እንኳን መለሰዎት! ወርቁ ከላይ ሲያበራ ጥርሱ ከሥር ይበሰብስ ነበር። እነዚህስ እንዴት ወለቁ?»

«ሲያመኝ ቅርንፉድ እነክሳለሁ፤ እምቢ ካለ አስነቅላለሁ። ጥርስ ባዳ ነው አይደል የሚባለው? ባዳ ሄደ ብሎ ማን ያለቅሳል?»

«ታዲያ አሁን ለምን ያለቅሳሉ?»

በእውነትም ዕንባቸው እየወረደ ነበር። እጁን ያመመው ሰው እጁን ቆርጦ አይጥልም፤ ጥርሱን ግን ነቅሎ ይጥላል። የሺዓለምም ሲደረግ ያዩት ይህንኑ ነው።

«ልጄ እንቁ ከሃያ ቀን በኋላ ትዳራለች። እንዲህ ሆኜ አማቾቿ ፊት አልቀመጥም፣ አሞኛል ብዬ እቀራለሁ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ልጄ አታናግረኝም።»

«መላ አለው እኮ። መጀመሪያ ድድዎ ይታከማል። ከዚያ ወልቆ የሚታጠብ ሰው ሠራሽ ጥርስ አለ፤ ከግራና ከቀኝ ጥርስ ጋር የሚያያዝ አለ፤ ውድ ቢሆንም አጥንት ውስጥ የሚተከልም አለ። የተጋደሙት ደግሞ በሽቦ ይቃናሉ።»

«በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ሽቦ? ሰፈሩ ‹የሺ አፏን አጠረች› ይበለኝ?»

«ይበል! ድዱ ከዳነ ዕድሜ አይከለክልም።»

«ለሠርጉ ይደርሳል?»

«አልዋሽዎትም፤ አይደርስም። በታመመ ድድ ላይ ተጣድፎ የተሠራ ጥርስ ያቆስላል። ያቺ የምትነቃነቀውም ሳትነቀል አትቀርም።»

«እንግዲያው ከነጭራሹ ባዶ አፍ ልሆን ነዋ! ምን ሊረባኝ እታከማለሁ?»

«ከተነቀሉትም አንዳንዶቹ በጊዜ ቢታከሙ ይድኑ ነበር፤ አሁንም ካልታከሙ የቀሩት ይከተላሉ። ከታከሙ ግን ሥጋውን አኝከው ይበላሉ፣ አፍዎ አይሸትም፣ በሚማሩበት የጎልማሶች ትምህርት ቤትም ድምፅዎን አውጥተው ያነባሉ። እንቁን ትናንት አግኝቻት ነበር፤ ‹እማዬ ካልመጣች ማን ይመርቀኛል?› ብላ አለቀሰችብኝ። ስለ ጥርስ አንድም ቃል አላነሳችም።»

የሺዓለም መንገዱ ዳር ቁጭ አሉ። የተነቀሉትን በጣታቸው ቆጠሩ። አንዳንዶቹ መዳን ይችሉ እንደነበር ዛሬ ገና መስማታቸው ነው።

«ይህን ያኔ የሚነግረኝ አጣሁ» አሉ። ከዚያም ተነሥተው፣ «በይ፣ ነገ ጠዋት እመጣልሻለሁ። አሁን ለእንቁ ደውይልኝ» አሏት።

«እንቁ፣ እመጣለሁ፤ ጥርስ ግን የለኝም።»

«ነይልኝ፣ እማዬ።»