የምሳ ሰዓቷ መርፌ ቁልፍ

በልብስ ማጠቢያ ቤት ሸሚዝ የምትተኩሰው ሴት አንድ ሰዓት በሠራች ቁጥር ሽርጧ ላይ አንድ መርፌ ቁልፍ ትሰካለች። ስትወጣ ዘጠኝ ይሆናሉ። ክፍያዋ በሰዓት ሃምሳ ብር ስለሆነ የቀረውን በቃሏ ታሰላዋለች፤ በስሌቷ ደግሞ ቀልድ አታውቅም።

እሑድ ጠዋት የቤት ኪራይ ውል ልትፈርም ስትወጣ፣ ደረጃው ላይ ከጎረቤቷ ልጅ ጋር ተገናኘች። ልጅቷ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ናት።

“እትዬ፣ እንዲህ አምረው ወዴት ነው?”

“እናቴን ላመጣት ነው፣ ልጄ! ፎቅ ላይ በረንዳ ያለው ክፍል አገኘሁ። በወር አምስት ሺህ፣ የሦስት ወር ቅድሚያ።”

“እሰይ! ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከደመወዝዎ ምን ይተርፍዎታል?”

“አሥር ሺህ ስምንት መቶ አይደል የማገኘው? ከግማሽ በላይ ይተርፈኛል።”

“ይህ ሁሉ እጅዎ ይገባል?”

የሴትዮዋ ፊት ጠቆረ። “የት ገብቶ! ገንዘብ ከፋዩ ይቆነጥርብኛል። ነገ ግን ሙሉውን ሳይሰጠኝ ከፊቱ ንቅንቅ አልልም!”

ልጅቷ አልሳቀችም፤ ደግ አደረገች። ብትስቅ ኖሮ ሴትዮዋ ጥላት ትሄድ ነበር።

“የክፍያ ወረቀቱንስ አይተውታል?”

“ይሄንን?” አለች ሴትዮዋ፣ ከቦርሳዋ እጥፍጥፍ ያለ ወረቀት አውጥታ። “ሰዓቴን የምቆጥርባቸውን መርፌ ቁልፎች የምጠቀልልበት ነው።”

ልጅቷ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ወረቀቱን ዘረጋችው።

“እትዬ፣ ምሳ ሲበሉም መርፌ ቁልፍ ይሰካሉ?”

“እንዴታ! ከግቢው መች ወጣሁና?”

“ለምሳ ሰዓት አይከፈልም። ስለዚህ በቀን ስምንት ሰዓት ነው። በሳምንት ስድስት ቀን፣ ለአራት ሳምንት፣ በሃምሳ ሲባዛ ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ። ከዚያ ግብርና ጡረታ ይነሳል፤ በእርስዎ ደመወዝ ከአሥር ሁለት እጅ ገደማ።”

“ጡረታው የማን ሲሳይ ነው?”

“የእርስዎ ነዋ! እጅዎ ካውያ ማንሳት ሲያቅተው ይመለስልዎታል።”

“ግብሩስ?”

“የእናትዎ ሐኪም ቤት በምን የሚሠራ ይመስልዎታል?”

ሴትዮዋ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ “ታዲያ ስንት ይቀረኛል?” አለች።

“ወደ ሰባት ሺህ ሰባት መቶ።”

ወረቀቱ ግርጌ ላይ ሰባት ሺህ ስድስት መቶ ስልሳ ይላል። ሴትዮዋ አይታው አፈረች።

“ያንን ምስኪን ገንዘብ ከፋይ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም ሳልለው! ደግሞስ ኪራዩን ከፍዬ በሚተርፈው የእናቴን መድኃኒት ገዝቼ ምን ላበላት ነበር? አምጥቼ ላስርባት?”

“ሌላ ክፍል አልነበረም?”

“ከጓሮ፣ ምድር ቤት፣ ሦስት ሺህ። በረንዳ ግን የለውም።”

“ደረጃስ?”

“እሱም የለውም። ለነገሩ ጉልበቷ ደረጃ አይወድም።”

የጓሮውን ክፍል ተከራየች። ሰኞ ጠዋት ገንዘብ ከፋዩን ቀድማ “እንደምን አደርክ” ስትለው ሰውዬው ደንግጦ ከወንበሩ ተነሣ። እጇ የሚገባውን አስቀድማ ስለምታውቅ ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው ወር ሳይሞላ ብድር አትለምንም፤ ያልበደላትን ሰውም አትረግምም።

ሽርጧ ላይ አሁን ስምንት መርፌ ቁልፎች አሉ። ዘጠነኛው በጓሮው ክፍል መስኮት መጋረጃ ይዟል፤ እናቷም ከሥሩ ተቀምጣ ምሳዋን ትበላለች።