ቀዩ መጋረጃ

የባለቤቴን ተዝካር ወልድያ እናቱ ቤት አውጥቼ ወደ ላሊበላ ስመለስ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ሦስት ጨርቆች ታቅፋ ነበር። አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሳይጠየቁ ጨርቁን ዳሰሱት።

«መጋረጃ ነው?»

«አዎ አባባ። ስሱ ለሳሎን ነው።»

«መንገደኛው ሁሉ ያይሻል እኮ።»

«ወፍራም ብሰቅል ደግሞ ቀበሌ ምን ደብቀሽ ነው ይለኛል። ይየኝ።»

«ወፍራሙስ?»

«ለመኝታ ቤት። ባለቤቴ የጠዋት ፀሐይ ያስነጫንጨዋል።»

«ገበሬ አይደለም ማለት ነው።»

«አስተማሪ ነው።»

«አሃ። ቀዩስ? ይሄ እንኳ የቤተ መቅደስ እንጂ የቤት አይመስልም።»

«ለልጄ ክፍል ነው። ልጄ ግንባር ነው። በደህና ከመጣ ጨርቁን ለይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አስገባዋለሁ።»

«ተስለሻል?»

«በልቤ።»

«ታዲያ የስለት ጨርቅ መስኮት ላይ ይሰቀላል? ነውር አይደለም?»

«በአፌ አልተናገርኩም እኮ። ሲመጣ እናገራለሁ።»

«እግዜርን ልታታልይው?»

«ኧረ አላታልልም! መስኮቱ ባዶ ሲሆን ክፍሉ ሰው የሌለው ይመስላል፣ እሱን ጠልቼ ነው።»

ሽማግሌው ቀዩን ጨርቅ በስንዝር ለኩት።

«እንግዲያው በመስኮቱ ልክ እንዳትቆርጪው። ከነርዝመቱ እጥፍ አድርገሽ ስቀዪው። የቤተ መቅደስ መጋረጃ ረጅም ነው።»

«እሺ አባባ።»

እኔም ባለቤቴ ከግንባር እንዲመለስ ተስዬ የገዛሁት ቀይ ጨርቅ ሳይቆረጥ ሳጥኔ ውስጥ እንዳለ አሰብኩ።