በእድር ወንበር ያደገው ኮሌጅ

ኮሌጃችን እንዴት አደገ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ በለቅሶ ነው እላችኋለሁ። አትሳቁ! በደርግ ጊዜ አሰበ ተፈሪ ላይ አዲስ የመማሪያ ክፍል ሠርተን ወንበር አጣን። ሊጎበኘን ከአዲስ አበባ የሚመጣው ጓድ ደግሞ ክፍሉ ካልተሟላ ተማሪ አልጨምርላችሁም ብሏል። የግቢው አስተዳዳሪ እኔ ነኝና ወደ እድራችን ዳኛ፣ ወደ ሐጂ ሙሜ ሮጥኩ። የእድሩን አግዳሚዎች አዋሱኝ። "ሰው ከሞተ ግን ወላሂ አልጠብቅህም" አሉኝ። "ደግሞ ነገ ማን ይሞታል ብለው ነው?" አልኳቸው። አፌን በቆረጠው!

በማግስቱ ጓዱ አግዳሚው ላይ ተደላድሎ "ግሩም ዝግጅት ነው!" እያለ ሲያወድሰን ውጪ የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። ወዲያው ሐጂ ጎረምሶች አስከትለው ገቡ። "ጓድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ትምህርቱ ነገም ይደርሳል፤ ለቀስተኛ ግን ቆሞ አይውልም። እስቲ ይነሱልኝ።" ጓዱ ተነሣ። አግዳሚዎቹ ተራ በተራ በበሩ ሲወጡ አየና ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ።

"የማን ወንበር ነው?" አለኝ።

"ለዛሬ የሟች ነው፣ ጓድ።"

ለቅሶ መሆኑን ረስቶ ከት ብሎ ሳቀ። ብዙም ሳይቆይ ተማሪ ጨመረልን፤ አንድ መኪና ሙሉ ወንበርም ላከልን። ገና አውርደን ሳንጨርስ ያ ጥሩንባ ተነፋ፤ ሐጂም የግቢው በር ላይ ብቅ አሉ። "ለቀስተኛው በዝቶብናል፤ አሁን የማዋሱ ተራ ያንተ ነው" አሉኝ።

እና እነዚያ አዳዲስ ወንበሮች ላይ መጀመሪያ የተቀመጠው ተማሪ እንዳይመስላችሁ!