የተክሌ ላንቃ

በእኛ ጊዜ እኮ ልጆቼ፣ በዚያ በጣልያን ዘመን፣ ቁስልን ማሳየት ራስን አሳልፎ መስጠት ነበር። ባለቤቴ ተክሌ ጫካ ከአርበኞቹ ጋር ሳለ ጥይት በጉንጩ ገብቶ ላንቃውን በሳው፤ እና ጉንጩ ሲሽር ላንቃው አልገጥም አለ። ተደብቆ ልደታ፣ እቤታችን ገባ። ውሃ ሲጠጣ ባፍንጫው፣ ሲናገር ባፍንጫው! እሱ ደግሞ ከልጅነቱ ቆራቢ ነው፤ ታዲያ የነፍስ አባታችን ምን አሉት መሰላችሁ? «ልጄ፣ ክቡር ደሙ ባፍንጫህ ቢወጣ ምን ይውጠናል? እስኪገጥም ታገሥ።» ታገሠ፣ ታገሠ፣ የት ይገጥማል! «ሳልቆርብ ልሞት ነው?» እያለ ያለቅሳል።

እኔ አልቻልኩም። እየጎተትኩ የጣልያን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። «ለገዳዮቼ ልትሰጪኝ ነው?» ይለኛል፤ «ዝም በል፣ መልሱን ለኔ ተወው» እለዋለሁ።

ሐኪሙ አፉን በባትሪ አየ፣ አየና ባስተርጓሚ «ምን ነካው?» አለ።

«በሬ ወግቶት ነው ጌታዬ።»

ጉንጩ ላይ ያለችውን ክብ ጠባሳ በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ተነሣና በሩን ዘጋ። አለቀልን አልኩ። ለካ ሰው እንዳይሰማ ኖሯል፤ ተመልሶ መጣና እጁን መታጠብ ጀመረ!

«ከቀዳዳው ጎን ያለውን ሥጋ ይልጥና፣ አንድ ጫፉን ሳይቆርጥ አዙሮ ይሰፋበታል» አለኝ አስተርጓሚው።

«ምነው ከጭኑ ቢወስድ? አፉ ላይ ሌላ ቁስል ሊጨምርበት ነው?»

«ጫፉ ካልተቆረጠ ደም ይደርሰዋል፤ አለዚያ ሥጋው ይሞታል ይላል።»

አደንዝዞ ሰፋው። ተክሌ አጥሚት ብቻ እየጠጣ ሰነበተ፤ እኔም ጠዋት ጠዋት አፉን አስከፍቼ፣ የተሰፋው ሥጋ ጠቆረ ይሆን እያልኩ አየዋለሁ።

ታዲያ ድኖ የቆረበ ዕለት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ቅዳሴውን አልሰማሁም፤ ከሴቶቹ በኩል ቆሜ አፍንጫውን ነው የማየው። አፉን በነጠላ ሸፍኖ ወጣ። ጠጋ ብዬ ነጠላውን ገለጥኩት፣ ጠብታ የለበትም! እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

«እማማ፣ ሐኪሙንስ መረቁት?»

ምን ልበልህ ልጄ! ከዚያ ወዲህ ጣልያንን ልረግም እጄን ባነሣሁ ቁጥር፣ «ከዚያ ከአንዱ በቀር» ማለት ግድ ሆነብኝ። እርግማኔን እኮ ነው ያበላሸብኝ! ሂ ሂ ሂ!