የካርቱን ሳዮቹ የማክሰኞ ምሳ

ይሄን ያጫወተችኝ ዘነበች ናት፣ ከሲኒማ ራስ ወረድ ብሎ ምሳ ቤት የነበራት፣ ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤቴ። የሰማችውን እሷ ነገረችኝ፣ ያየሁትን ደግሞ እኔው በዓይኔ አይቻለሁ፣ እና ሁለቱን እየቀላቀልኩ ነው የማወራችሁ። በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ የተቀየመ ሰው ደጅ ድረስ መጥቶ ይሳደብ ነበር። ጎረቤት ይሰማል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ያልቃል። የአሁኑ ሰው አብሮ ቁጭ ብሎ ይበላል። እየበላ እኮ ነው ጉድጓድ የሚምሰው!

እና ማክሰኞ ማክሰኞ ዘነበች ቤት የሚሰበሰቡ ሦስት ካርቱን ሳዮች ነበሩ። ጋሼ ታደሰ፣ ሽማግሌው፣ ድሮ ለጋዜጣ ይስሉ የነበሩ፣ ጋዜጣው ሲዘጋ የሱቅ ታፔላ መጻፍ የጀመሩ። ክፍሌ፣ ለመጽሔት የሚስል፣ አፉ የማያርፍ፣ መሸነፍ የማይወድ። ሙስጠፋ ደግሞ የወሎ ልጅ፣ ቲሸርት ማተሚያ ቤት የሚሠራ፣ እናቱ ከኛ በታች ባለው የሱቅ መደዳ ጨርቅ የሚሸጡ። ሥጋ እንዳይለያያቸው ብለው ሁልጊዜ ሽሮ ነው የሚያዙት፣ ባንድ ትሪ።

ታዲያ ጨዋታ ነበራቸው። አንዱ ሥዕል ያመጣል፣ ወረቀቱን አጣጥፎ አጣጥፎ ጥጉን ብቻ ያሳያል፣ አንድ ጆሮ፣ አንድ ጫማ፣ በቃ። የማን እጅ ነው? የተሳሳተ ተነስቶ ሁሉንም ያስታጥባል። አንድ ቀን ጋሼ ታደሰ ተሳሳቱና፣ እኚያ ሽማግሌ ጆግ ይዘው ውሃ ሲያፈሱ፣ ሳቁ እኔ ቤት ድረስ ነው የመጣው። «ጋሼ፣ እስከ ክርኔ ያፍስሱልኝ!» ይላል ክፍሌ። «ዝም በል፣ ጭንቅላትህ ላይ ነው የማፈሰው!» ይሉታል።

ታዲያ የሱቁን መደዳ አፍርሶ ፎቅ ሊሠራ የመጣ ባለሀብት ነበር፣ ስሙን ተዉት። ሻጮቹን በግድ እያስወጣ። አንድ ጠዋት ስንነሳ መደዳው ፊት ባቆመው የቆርቆሮ አጥር ላይ ሥዕል ተለጥፏል፤ ሰውዬው ነጭ ፎጣ አንገቱ ሥር ሸጉጦ ሱቆቹን እንደ ሳምቡሳ ሲገምጥ፣ ሻጮቹ ከጥርሱ መሀል እጃቸውን ሲያወጡ። ፊርማ የለውም። መርካቶ ሳቀ፣ በስልክ ከሰው ሰው ዞረ። ሰውዬው ግን አልሳቀም። «የሳለውን አምጡልኝ፣ እጁን ነው የምፈልገው» አለ ተባለ።

የሳለው ሙስጠፋ ነው። ኋላ ነው ያወቅነው። ለጋሼ ታደሰ ብቻ ነግሯቸው ነበር፤ ለክፍሌ ያልነገረው አፉን ስለሚያውቅ ነው።

ከዚያ ወዲያ አንድ ጎልማሳ ምሳ ቤቱን ለመደ። ትሁት፣ ትሁት! «ጋሼ፣ የእርስዎን ሥዕል በልጅነቴ ከጋዜጣ ላይ እየቆረጥኩ አስቀምጥ ነበር» ሲላቸው ጋሼ ታደሰ ቀለጡ። አስጠጉት፣ ጨዋታውን አስተማሩት፣ ሲሳሳት እንደ ሙሽራ ሚዜ እየዞረ ያስታጥባል። እኔ ግን ጫማውን አየሁ። ክረምት ነው፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፣ የሱ ጫማ መስታወት ነው። «ዘነበች፣ ይሄ ሰው በእግሩ አይደለም የሚመጣ፣ የማን መኪና ነው የሚያደርሰው?» ብላት፣ «እትዬ አሰለፈች፣ ደግሞ የሰው ጫማ መቆጣጠር ጀመሩ? ይበላል፣ ይከፍላል» አለችኝ።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ፣ ሽሮው ቀርቦ ገና እየተንተከተከ፣ ሰውየው ወረቀት አወጣ። የታጠፈ፣ በነሱው ደንብ፣ ጥጉ ላይ አንድ ጆሮ ብቻ። «እስቲ ዛሬ እኔ ልጠይቅ» አለ። ሙስጠፋ እንጀራው እጁ ላይ ቀረ። ጋሼ ታደሰ አዩና «ኧረ እንብላ፣ ይቀዘቅዛል» አሉ። ክፍሌ ግን ባለፈው ሳምንት ያስታጠበው እሱ ነበር፣ ቁጭቱ አልወጣለትም።

«ቆይ ቆይ! ይሄማ ምን ያስጠይቃል? የሙስጠፋ ጆሮ! እንደ ተቀቀለ ፓስታ የሚጠቀለል ጆሮ ከሱ ሌላ ማን ይስላል? ዛሬስ ጆጉን አልነካም!»

ሰውየው ወረቀቱን ቀስ አድርጎ ዘረጋው። ፎጣው፣ ጥርሱ፣ ሱቆቹ። ዘነበች ሚጥሚጣውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«እኔ… እኔ የቱ ሥዕል እንደሆነ ልብ አላልኩም» አለ ክፍሌ። «ጆሮውን ነው ያየሁት።»

ያኔ ጋሼ ታደሰ፣ «ተሳስቷል። የሳልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ሰውየው አልተቆጣም። እስክሪብቶ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው፣ በአክብሮት። «እንግዲያው ጋሼ፣ አንድ ጆሮ ይሳሉልኝ።»

ሳሉ። ዘነበች ናት የነገረችኝ። እንደ ሙስጠፋ ጀመሩት፣ ጠቀለሉት፣ ግን ታች ሲደርሱ ሹል አደረጉት፣ ዕድሜ ልካቸውን እንደሚያደርጉት። እጅ ምን ይደረግ፣ የለመደውን ነው የሚሠራ። ሰውየው አየና ፈገግ አለ፤ «ይሄማ የእርስዎ ጆሮ ነው፣ ጋሼ። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።» ሒሳቡን ከፈለ፣ ለዘነበች «እጅሽ ይባረክ» አላት፣ ወጣ።

«በጓሮ ውጣ! ዛሬውኑ ወሎ ግባ!» አሉት ሙስጠፋን ጋሼ ታደሰ።

«እናቴ ሱቅ ውስጥ ብቻዋን ናት» አለ።

ክፍሌ በሩ ላይ ደረሰበት። «ሙስጤ፣ አብሬህ ልሂድ?»

«አንተ ምሳህን ብላ።» ሌላ አላለውም።

ከእናቱ ሱቅ ሳይደርስ ሁለት ሆነው ያዙት። በቀን፣ ሰው እያየ። ስልኩን አልነኩም፣ ቦርሳውን አልነኩም። ቀኝ እጁን የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ አስተኝተው በብረት። ጩኸቱን ሰምቼ ስደርስ ሰው ቆሞ ያያል፣ ነጠላዬን አውልቄ እጁን ጠቀለልኩለት። ኋላ ማን መታው ተብሎ ሲጠየቅ ያየ ጠፋ። እኔ ሁለቱን በመልክ ተናገርኩ፣ ተጻፈ፣ በዚያው ቀረ።

ክፍሌን ክፉ ነው አልልም፣ ልጆቼ። ባልንጀራውን አልሸጠም፣ አዋቂነቱን ነው ሊያሳይ የፈለገ። ግን ለሙስጠፋ ጣት ምን ልዩነት አለው?

ሙስጠፋ ሦስት ጣቶቹ አይታጠፉም፣ ምን አለሽ ተራ ያገለገለ ጠርሙስ ይሸጣል። እናቱ ደሴ ገብተዋል። ክፍሌ ሰፈር ቀየረ፣ መጽሔቱ ላይ ስሙ የለም ይላሉ። ጋሼ ታደሰ ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ። ዘነበች ምሳ ቤቱን ዘግታ ሰው ቤት ተቀጥራ ወጥ ትሠራለች። ፎቁ አለቀ፣ ምድር ቤቱ በሙሉ ተከራይቷል።